ሞተሩ በሩን አያነሣም

በ3 ዓመት ውስጥ ለጋራዥ በሬ ሁለት ጊዜ የሞተር ጥርስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሙሉ ሞተር ቀይሬያለሁ፤ ብልሽቱ ግን ከሞተሩ አልነበረም። ጋራዥ ስል መኪና የሚጠገንበትን ሳይሆን ከመኖሪያ ቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራውን የመኪና ማሳደሪያ ማለቴ ነው። በሩም በማጠፊያ የተቀጣጠሉ አራት ወይም አምስት የላሜራ ክፍሎች ያሉት፣ በግራና በቀኝ በቆሙ ሐዲዶች ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ከጣሪያው ሥር የሚጋደመው ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ድምፅ ነበር። ሪሞቱን ስጫን ሞተሩ ያቃስታል፤ በሩ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይልና ይቆማል፤ ደግሜ ስጫነው እንደ ምንም ይወጣል። መሰላል አቁሜ የሞተሩን ክዳን ስከፍት ውስጡ ኖራ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ነጩ ብናኝ የተላገ ፕላስቲክ ነው። በብዙ ባለሰንሰለት መክፈቻዎች ውስጥ የሞተሩን ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያስተላልፈው ጥርስ ከናይለን ስለሚሠራ፣ ሸክም ሲበዛ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው እርሱ ነው። ጥርሱን ቀየርኩ። ዓመት ሳይሞላው ያው ብናኝ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛውን ጥርስ የገጠመልኝ ሠራተኛ፣ ሞተሩ አርጅቷልና ጉልበቱ ከፍ ባለ ሞተር ብቀይረው እንደሚሻል መከረኝ፤ ጥቂት ቆይቼ ቀየርኩት። አዲሱ ሞተር ለጥቂት ወራት ድምፁን አጥፍቶ ሠራና እርሱም በተራው ማቃሰት ጀመረ።

ከመጀመሪያው ማድረግ የነበረብኝን ፍተሻ ያደረግሁት ያን ጊዜ ነው። ሞተሩ ከሚጎትተው ክንድ አጠገብ የተንጠለጠለው ቀይ ገመድ ሲሳብ በሩ ከሞተሩ ተላቅቆ በእጅ የሚንቀሳቀስ ይሆናል። ሚዛኑ የተስተካከለ በር በአንድ እጅ ይነሣል፤ ወገብ አካባቢ አድርሰው ቢለቁት ባለበት ይቆማል፣ ቢንቀሳቀስም ጥቂት ሸርተት ብሎ ያርፋል። እኔ ግን ገመዱን የሳብኩት በሩ በግማሽ ተከፍቶ በቆመበት ነበር። መላቀቂያው ቀጭ ከማለቱ በሩ በሐዲዱ ውስጥ እየተንገጫገጨ ወረደና ከሥሩ የነበረውን የፕላስቲክ ባልዲ ጨፍልቆ ወለሉ ላይ አረፈ። ባልዲው ከበሩ ጠርዝ ሥር እንደ ሰሐን ተዘርግቶ ሳየው እግሬ ከእርሱ የአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ቀዩ ገመድ መሳብ ያለበት በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ብቻ ነው፤ በሩ መሐል ላይ ቆሞ አልዘጋም ካለ ደግሞ መጀመሪያ ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለታል፣ ሰውና መኪናም ከአካባቢው ይርቃሉ። ድንጋጤው ሲያልፍልኝ የወደቀውን በር በሁለት እጄ ለማንሣት ሞከርኩ፤ ከጉልበቴ በላይ ማሳለፍ አቃተኝ። ሞተሩ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ይሸከመው የነበረው ይህንን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከበሩ አናት በላይ በአግድም የተዘረጋውን ዘንግ ማየት ያስፈልጋል። በዘንጉ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጥምዝ ሞላዎች ይሰካሉ፤ የእያንዳንዱ ሞላ አንድ ጫፍ ከግድግዳው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ ሲታሰር ሌላው ጫፍ ዘንጉን ራሱን ጨብጦ ይይዛል። በዘንጉ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ታምቡሮች አሉ፤ በእነርሱ ላይ የሚጠመጠሙት የብረት ገመዶች ቁልቁል ወርደው ከበሩ የታችኛው ማዕዘኖች ጋር ይያያዛሉ። በሩ ሲዘጋ ገመዶቹ ከታምቡሮቹ እየተተረተሩ ዘንጉን ያዞራሉ፣ ዘንጉም ሞላውን ይጠመዝዛል፤ ሲከፈት ደግሞ ሞላው ያጠራቀመውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል። የዚህ አሠራር ብልሃት የሚታየው በጉዞው መካከል ነው። በሩ ሽቅብ በወጣ ቁጥር የላይኞቹ ክፍሎች እየታጠፉ በአግዳሚው ሐዲድ ላይ ስለሚተኙ ክብደታቸውን ሐዲዱ ይረከባል፣ በገመዶቹ ላይ የሚቀረው ክብደትም ይቀንሳል፤ ሞላውም በዚያው ልክ እየላላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለቱ እኩል ከቀነሱ በሩ በየትኛውም ከፍታ ላይ ክብደት የሌለው ያህል ይሆናል። ለሞተሩ የሚቀረው ሥራ ሰበቃውን አሸንፎ በሩን መምራት፣ ጫፍ ሲደርስም ማቆም ብቻ ነው። ታሪኩም ይህንኑ ይደግፋል፤ ሲ. ጂ. ጆንሰን የተባለው አሜሪካዊ ሽቅብ የሚወጣውን የጋራዥ በር የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1921 ሲሆን የኤሌክትሪክ መክፈቻውን ያመጣው በ1926 ነው። በሩ ሞተር ሳይኖረው 5 ዓመት ሠርቷል።

ሞላዎቹ ከዘንግ ላይ ሳይሆን ከአግዳሚዎቹ ሐዲዶች ጎን ለጎን ተዘርግተው እንደ ላስቲክ የሚለጠጡባቸው በሮችም አሉ። በእነዚህ ላይ መታየት ያለበት ዋና ነገር በእያንዳንዱ ሞላ ውስጥ አልፎ በሁለቱም ጫፍ የታሰረ የብረት ገመድ መኖሩ ነው፤ ገመዱ ከሌለ ሞላው በተበጠሰ ቀን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሊወረወር ይችላል።

የጠራሁት ሌላ ባለሙያ ሞተሩን ዘወር ብሎም አላየውም። ሞላዎቹን አላልቶ በሩን ከገመዶቹ ነጻ ካደረገ በኋላ የሰው መመዘኛ ሚዛን ከሥሩ አስገብቶ አሳረፈበት፤ 78 ኪሎ። በበሩ ጎን በተለጠፈው የፋብሪካ ወረቀት ላይ የተጻፈው 60 ኪሎ ነበር። 18ቱ ኪሎ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ከ4 ዓመት በፊት ሙቀትና ብርድ ይከላከልልኛል ብዬ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የፎም ሰሌዳዎች ገጥሜ፣ መልኩ እንዲያምር በቀጫጭን ጣውላ ላይ ኮምፔርሳቶ መትቼበት፣ ሁለት ዙር ቀለምም ቀብቼው ነበር። ፎሙ ከሞላ ጎደል ክብደት የለውም፤ ክብደቱ ከኮምፔርሳቶውና ከጣውላው ነው። ሞላዎቹ ግን ለ60 ኪሎ ተመርጠው ለ60 ኪሎ እንደተጠመዘዙ ነበሩ። አሻሻልኩት ያልኩት በር ነበር ጥርሶቹን የበላው።

ኮምፔርሳቶውን መንቀል ወይም ሞላዎቹን መቀየር የሚሉ ሁለት መንገዶች ነበሩኝ። ሞላዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ በመሆኑ ሁለተኛውን መረጥኩ። የተለመደው የጋራዥ በር ሞላ የሚሠራው 10,000 ጊዜ ተከፍቶ እንዲዘጋ ተብሎ ነው፤ በቀን 4 ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይህን ቁጥር ለመጨረስ 2,500 ቀን፣ ማለትም 7 ዓመት ገደማ ይበቃዋል። ሁለት ሞላ ያለው በር አንዱ ሲበጠስበት ሁለተኛውም አብሮ መቀየሩ የነጋዴ ብልጠት የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ ቀን ተገጥመው እኩል ስለተጠመዘዙ የቀረው ሞላም ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው ያለው። ለተመሳሳይ ክብደት ሽቦው ወፈር፣ ርዝመቱም ከፍ ያለ ሞላ ከተመረጠ በእያንዳንዱ ዙር የሚደርስበት ጫና ስለሚቀንስ 25,000 ጊዜና ከዚያም በላይ የሚያገለግል ማግኘት ይቻላል። በእኔ ግምት ለጋራዥ በር ከሚደረጉት ማሻሻያዎች ሁሉ ገንዘቡን የሚያወጣው ይኸው ነው፤ ተገጥሞ ሲያልቅ ግን የሚታይ ነገር ስለሌለው ማንም አያደርገውም።

ሞላ በዓይን ግምት አይመረጥም። ባለሙያው በላላው አሮጌ ሞላ ላይ 20 ጥምዝ ቆጥሮ በካሊፐር ሲለካው 11.4 ሴንቲሜትር ሆነ፤ ለ20 ሲካፈል የሽቦው ውፍረት 5.7 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። አንዱን ጥምዝ ብቻ ቢለካ የአንዲት ፀጉር ያህል ስሕተት ወደ ሌላ ሞላ ይወስደዋል። የሞላ ጥንካሬ የሚያድገው በሽቦው ውፍረት አራተኛ ርቢ በመሆኑ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ሽቦው ከ5.7 ወደ 6 ሚሊሜትር ቢወፍር ጥንካሬው ከ20 በመቶ በላይ ይጨምራል፤ ይህን ልዩነት ጣትም ዓይንም አይለየውም። ከውፍረቱ ቀጥሎ የውስጥ ክቡ ስፋት፣ የሞላው ርዝመትና ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ መሆኑ ይመዘገባል፤ ከእነዚህና ከ78 ኪሎው ተነሥቶ አዲሶቹን ሞላዎች አዘዘ።

ሲገጥማቸው ቆሜ አየሁ። ሞላዎቹ ገና ሳይጠመዘዙ በእያንዳንዳቸው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ የጠመኔ መስመር አሰመረ። ከዚያ ሁለት ድፍን የብረት ዘንጎች በሞላው ጫፍ ባሉት ቀዳዳዎች እያፈራረቀ እያስገባ፣ ሩብ ዙር በሩብ ዙር ጠመዘዛቸው፤ አንዱ ዘንግ በደንብ ሳይቀመጥ ሌላውን አያወጣም፣ ፊቱንም ከዘንጎቹ መሄጃ አቅጣጫ ዘወር አድርጎ ይቆማል። ቀጥ ያለው መስመር በሞላው ዙሪያ እንደ ሐረግ ይጠመጠም ጀመር። 30 ሩብ፣ ማለትም 7 ዙር ተኩል ሲሞላ አቆመ። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በኋላ አስልቼ አገኘሁት፤ የታምቡሩ ስፋት 10 ሴንቲሜትር ስለሆነ በአንድ ዙር 31 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ገመድ ይጠቀልላል፣ 2.1 ሜትር ከፍታ ያለው በር ደግሞ ከ7 ዙር ትንሽ ያነሰ ይፈልጋል፤ የቀረው በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ሳለም ገመዶቹ እንዳይላሉና ከታምቡሩ እንዳይወርዱ የሚጠብቅ ትርፍ ነው። የጠመኔው መስመር አሁንም አለ። በሩ ተዘግቶ ሳለ የመስመሩን ዙሮች መቁጠር ይቻላል፤ ቁጥሩ ከቀነሰ ሞላው በዘንጉ ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው።

ይህን ሥራ ራሴ እሠራው እንደሆነ የጠየቁኝ ወዳጆች አሉ፤ አልሠራውም። የእኔ በር ተዘግቶ ሳለ በሞላዎቹ ውስጥ ያለው ጉልበት 78 ኪሎን 1 ሜትር ያህል ወደ ላይ ለማንሣት የሚበቃ ነው። ያን ጉልበት በካቻቢቴ ለመያዝ መሞከር ከባድ ጉዳት ያስከትላል፤ ካቻቢቴው ከቀዳዳው ሲሾልክ የሚሄድበትን አያውቅም። ከሞላዎቹ እኩል የሚያስፈራኝ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ከበሩ የታችኛው ማዕዘን ላይ ያለው ብረት ነው። የብረት ገመዱ የሚታሰረው በእርሱ ላይ በመሆኑ፣ በሐዲዱ ውስጥ የሚሽከረከር የተበላሸ ጎማ እቀይራለሁ ብሎ ብሎኖቹን የሚፈታ ሰው የበሩን ግማሽ ክብደት የሚጎትት ገመድ በድንገት ይለቃል። ሞላ፣ የብረት ገመድ፣ ታምቡርና የታችኛው ማዕዘን ብረት ለባለሙያ ይተዋሉ፤ የቀረውን ሁሉ አንድ ጥንቁቅ ባለቤት ሊሠራው ይችላል።

የቀረውም ብዙ አይደለም፤ እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ የአንድ ሰዓት ሥራ አድርጌ ይዤዋለሁ። በሩ በየቀኑ ስለሚንቀጠቀጥ የማጠፊያዎቹና የሐዲድ ማሰሪያዎቹ ብሎኖች ይላላሉ፤ በመፍቻ አጠብቃቸዋለሁ፣ ሳላበዛ፣ ምክንያቱም ቀጭን ላሜራ ላይ የተበላ የብሎን ቀዳዳ ሌላ ሥራ ያመጣል። ከዚያ የብረት ገመዶቹን ሳልነካ በባትሪ እያበራሁ አያለሁ፤ በብዛት የሚበሉት ከታች፣ ውሃ በሚረጫቸውና ዝገት በሚጀምራቸው አንድ ስንዝር ላይ ነው። አንዲት ክር እንኳ ተበጥሳ ከቆመች የገመዱ ጊዜ አልቋል።

ዘይት መቀባትን በተመለከተ የማየው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ሐዲዱን ግራሶ ይቀባል። ሐዲዱ መጽዳት እንጂ መቀባት የለበትም፤ ግራሶው አቧራውን ይዞ ሊጥ ይሆናል፣ ጎማዎቹም መሽከርከር ትተው በሊጡ ላይ ይንሸራተታሉ። ዘይት የሚያስፈልጋቸው ማጠፊያዎቹ፣ የጎማዎቹ ኩሽኔታዎች፣ ዘንጉ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎችና ሞላዎቹ ናቸው፤ በሞላው ላይ ዘይት ዝገትን ይከላከላል፣ ጥምዞቹ እርስ በርስ ሲፋተጉ የሚሰማውን ጩኸትም ያጠፋል። ለዚህ የሚሆነው በሲሊኮን ወይም በሊቲየም ላይ የተመሠረተ የሚረጭ ቅባት ነው። በየቤቱ የሚገኘው ደብሊው ዲ 40 ዝገት ለማላቀቅና ለማጽዳት ጥሩ ነው፤ ስሙም ውሃን ከማስወገድ የመጣ ሲሆን 40 የተሳካው የሙከራው ቁጥር ነው። ለዓመት የሚቆይ ቅባት ይሆናል ብሎ ግን አይታመንበትም።

ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳይሉ፣ በበሩ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ዓይኖች ሌላ ትኩረት የሚሹ ናቸው፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ጨረር ሲቋረጥ የሚዘጋውን በር ይመልሱታል። ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ እንዳይሉ የሚደረገው የተኛ ሕፃን ወይም ድመት ከሥራቸው እንዳያልፍ ነው። በአሜሪካ ሕፃናት በእነዚህ በሮች ሥር ተጨፍልቀው በመሞታቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 መጀመሪያ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚመረት ማንኛውም መክፈቻ እንዲህ ያለ ተጨማሪ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ ተደንግጓል። በሩ ሊዘጋ ጀምሮ ወዲያው ከተመለሰና የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሸረሪት ድር፣ በመጥረጊያ ተገፍቶ የዞረ ዓይን ወይም በአንድ ሰዓት ላይ ብቻ በቀጥታ የሚገባ የፀሐይ ጨረር ነው። ሁለቱን ዓይኖች በውሃ ልክ አስተካክሎ መስተዋታቸውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ አብዛኛውን ይፈታል። አንዳንዱ ሰው ዓይኖቹ ሲያስቸግሩት ነቅሎ ፊት ለፊት አስሮ ከጣሪያው ላይ ያንጠለጥላቸዋል፤ በሩ ያለ ችግር ይዘጋለታል፣ በማንኛውም ነገር ላይ።

ዓይኖቹ ቢሠሩም በሩ ዕቃ ሲነካ መመለሱ ለብቻው ይፈተናል። 4 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ በጀርባው ከበሩ ሥር ይጋደምና በሩ በሞተር ይዘጋል፤ ጣውላውን እንደነካ ወዲያው ተመልሶ መከፈት አለበት። ካልተመለሰ የመዝጊያው ጉልበት ወይም የጉዞው ማቆሚያ ነጥብ ይስተካከላል። እዚህ ላይም ሚዛኑ ይመጣል፤ ከባድ በር ሞተሩን ሲያስቸግረው ሰዎች የጉልበት ማስተካከያውን እስከ መጨረሻ ያዞሩታል፣ እኔም አዙሬው ነበር፤ ያን ጊዜ በሩ የጣውላውንም የሰውንም ተቃውሞ ከራሱ ክብደት መለየት ያቆማል።

ከጥገናው መልስ በሩን ለማሻሻል ያደረግኋቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። የብረት ጎማዎቹን ኩሽኔታቸው በታሸገ የናይለን ጎማዎች ተካኋቸው፤ የታችኞቹን ሁለቱን፣ ከላይ በተናገርኩት ምክንያት፣ ባለሙያው ቀየራቸው። ከዚያ በኋላ በላይኛው ክፍል የተኛ ሰው በሩ ሲከፈት አይሰማም፤ ድምፅ ለመቀነስ ብሎ ሰንሰለቱን በቀበቶ የሚሠራ ሞተር ለመቀየር ያሰበ ሰው መጀመሪያ ጎማዎቹን ቢቀይር ሐሳቡን ሊተወው ይችላል። ከበሩ ሥር ያለው የደረቀ ጎሚኒም ተቀየረ፤ አሁን ስመለከተው ያን ሁሉ ፎም ከመለጠፌ በፊት ንፋሱ የሚገባበትን ይህን ክፍተትና የጎኖቹን መዝጋት ነበረብኝ።

ሪሞቱን በተመለከተ፣ ኮዱ በትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ተራ የሚዘጋጅ አሮጌ መክፈቻ ያለው ሰው ሞተሩ ደህና ቢሆንም መቀበያውን ቢቀይር እመክራለሁ። 12 ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ሪሞት ሊኖረው የሚችለው የኮድ ብዛት 4,096 ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሳሚ ካምካር የተባለው የደኅንነት ተመራማሪ ከልጆች መጫወቻ በሠራው መሣሪያ ሁሉንም በ10 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ሞክሮ እንደሚጨርስ አሳይቷል። አዲሶቹ ሪሞቶች በተጫኑ ቁጥር ኮዱን ስለሚለውጡ ይህ ዘዴ አይሠራባቸውም። የእኔ አዲስ ሞተር እንዲህ ዓይነት ነበር፤ ነገር ግን በገባ በወሩ ሪሞቱ በሩ ሥር ካልቆምኩ አልሠራ አለኝ። ባትሪ ቀየርኩ፣ አንቴናውን አወረድኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ በሞተሩ ላይ ያለውን አምፖል ስነቅል ከመንገድ ላይ መሥራት ጀመረ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል በውስጡ ያለው ኃይል መቀየሪያ ሪሞቱ በሚጠቀምበት ሞገድ አካባቢ ጩኸት ስለሚረጭ መቀበያውን ያደነቁረዋል፤ በሌላ አምፖል ተካሁት።

አዲሶቹ ሞላዎች ከገቡ ወዲህ በሩ ወገቤ ላይ ሲደርስ ብለቀው ባለበት ይቆማል፣ የሞተሩን ጉልበት ማስተካከያም ወደ ታችኛው ምልክት መልሼዋለሁ። ከበሩ ጀርባ፣ ኮምፔርሳቶው ላይ፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ክብደቱን 78 ኪሎ፣ የአዲሶቹን ሞላዎች የሽቦ ውፍረትና ርዝመት፣ 7 ዙር ተኩልንና የተገጠሙበትን ቀን ጽፌበታለሁ፤ ከሥሩም፣ ከእኔ በኋላ ለሚመጣው ባለቤት፣ እዚህ በር ላይ ምንም እንዳይሰቅል።